በጁምዓ ብቻ የሚጠረግ ቤት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ወደ አዲስ አበባ ሲነሳ፣ የተሳፈረበት ሚኒባስ ገና ከከሚሴ ሳይወጣ ሚስቱ ሃያት መጥረጊያ አነሳች። ሳሎኑን ጠረገች፣ በሳሙና ውሃ ወለወለች፣ በረንዳውን ደገመችው። እኔ ጥግ ይዤ ተስቢሄን እቆጥር ነበርና ጣቴ ባለበት ቆመ። ልቆጣት ነበር። ምን ብዬ ነው የምቆጣት? ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠራ ልጅ ናት፤ ቢሮ ሳይረፍድባት ቤቷን ማጽዳቷ ነው። ገና በመጣች ሰሞን፣ መንገድ የወጣ ሰው ደርሶ አረፈ እስኪባል ዱካው አይጠረግም ብያት ነበር። በትሕትና ሰማችኝ። ከዚያ ባሏ መንገድ በወጣ ቁጥር በየከተማው እየደወለች "የት ደረስክ? ልጥረግ?" ትለው ጀመር። ልጄ ተማሮ፣ እማ በአላህ ተያት ትጥረግ ብሎ ለመነኝ። እኔም ተውኩ፤ የተውኩት ግን በአፌ ነው።

በዚያው ሳምንት የከድጃ ሰደቃ ነበር። ከድጃ የታላቅ ወንድሜ የሰይድ ሚስት ናት፤ ባሏን በልጅነቷ አፈር አልብሳ፣ አንድ ልጇን አሳድጋ፣ ከሚሴ ገበያ ጨርቅ ስትሸጥ ኖራ በደህና እርጅና ያረፈች። ድንኳኑ ሥር ሴቶቹ የእሷን ደግነት ሲያወሱ እኔ የማስበው እናቴን ነበር። ስለ እናቴ አንድ የማውቀው ነገር አለ፤ ከድጃ በሕይወት እያለች ለማንም ላወራው አልችልም ነበር። እሷ ሰምታው ከምትሞት እኔ ይዤው ብሞት ይሻል ነበር። አላህ እሷን አስቀደመ። እንግዲህ የሚጎዳው ሰው የለምና ልናገረው።

እኛ ያደግነው ጋራ ጉራቻ ነው። ጥቁር ጋራ ማለት ነው። ከከሚሴ ወደ ደጋው ሲወጣ፣ ማልዶ የተነሳ እግረኛ ለአሱር፣ ለከሰዓት በኋላው ሰላት፣ የሚደርስበት፣ የድንጋይ ከሰል የሚወጣበት መንደር ነበር። ዛሬ ጉድጓዱ አፉን ቁልቋል ውጦታል፤ ወጣቶች ሞተር ተከራይተው ይወጡና እዚያ ቆመው ቲክቶክ ይቀረጻሉ አሉ። ያኔ የከሚሴ ሰው ስማችንን ሲሰማ አፍንጫውን ነበር የሚይዘው። ገበያ ስንወርድ "ከሰሎቹ መጡ" ይሉናል። በርበሬ ሻጯ ሳንቲማችንን በጣቷ ጫፍ ተቀብላ፣ በቀሚሷ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ነው ከጉያዋ የምትከተው። ሳንቲሙን ግን አትጠላውም፤ ገበሬው ክረምቱን እንዴት እወጣው ይሆን ብሎ ሲጨነቅ የእኛ አባቶች በወር በወሩ ደሞዝ ይቀበሉ ነበር። ስኳር በስሙኒ ተሸምቶ ለሳምንት በሚበቃበት፣ የናይለን ሻሽ በሁለት ብር በሚገዛበት በዚያ ዘመን፣ የጋራ ጉራቻ ሴት ቴትሮን ቀሚስ ለብሳ፣ ኮንጎ ጫማዋን አጥልቃ፣ በአውቶቡስ ባቲ ድረስ ሄዳ የቆላ ቅቤ ገዝታ ትመለስ ነበር። አሁን የስኳርን ዋጋ ሃያት ስትነግረኝ የምትቀልድብኝ ይመስለኛል። ወንዶቹ ከጉድጓድ ሲወጡ ዓይናቸውና ጥርሳቸው ብቻ ነው የሚታየው። ጋሪ ሲገፉ የሚሉት ዜማ ነበራቸው፤ ከደጃችን ሆነን እንሰማዋለን፦

አንተ ጥቁር ጋራ አፍህን አትዝጋብኝ፣
ቤቷን ሳትጠርግ ነው እናት የምትጠብቀኝ።

የግጥሙ ነገር እንዲህ ነው። መንገደኛ ሳይደርስ ቤት አለመጥረግን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። የእኛ መንደር ሴቶች ግን ከመሬት በታች ከመግባት የሚርቅ መንገድ የለም ብለው፣ ወንዱ ጉድጓድ ከገባበት ሰዓት አንስቶ እስኪወጣ መጥረጊያ አይነኩም። አንድ ወንድ ላላት ሴት ይሄ ቀላል ነው፤ እሱ ሲተኛ ትጠርጋለች። የእናቴ የዘሀራ መከራ ሦስት ወንድ ማሳደሯ ነበር። አባቴ እንድሪስ የጠዋት ፈረቃ፣ ሰይድ የከሰዓት፣ ከሰይድ የሚያንሰው አሊ የሌሊት። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ከሦስቱ አንዱ ሁልጊዜ መሬት ውስጥ ነው። ስለዚህ የእኛ ቤት የሚጠረገው በጁምዓ፣ ሥራው ሁሉ ቆሞ ወንዶቹ ለሰላት ሲወጡ ብቻ ነበር። ኹጥባው፣ የኢማሙ ስብከት፣ ሳያልቅ ለመድረስ የመንደሩ ሴት ሁሉ ባንድ ጊዜ ትጠርጋለች። የሚነሳው አቧራ መስጊዱን ያለብሰውና ኢማሙ እያስነጠሱ ነው ኹጥባውን የሚጨርሱት። ከታች ከሜዳው ለሚያይ ሰው መንደሩ የተቃጠለ ይመስል ነበር አሉ።

በሌላው ቀን እናቴ ብልሃት አታጣም። ፍርፋሪውን በእጇ ትለቅማለች፤ መልቀም መጥረግ አይደለም። ዶሮዎቹን አስገብታ ትለቃቸዋለች፤ ዶሮ መጥረጊያ አይደለችም። ፍየሏን ጠርታ የጎመን ልጣጩን ታስበላለች። ከዚያ በኋላ የዶሮዎቹን ኩስና የፍየሏን በጠጥ የምለቅመው እኔ ነኝ። አባቴ ከሰሉን እንደለበሰ ሲገባ በሩ ላይ ቆም ይልና "የሰይድ እናት፣ የከሰል ማውጫው የትኛው ነው?" ይላታል። አንድ ቀን ገለባ መስሎት ቁጭ ሲል ዶሮዋ የጣለችው እንቁላል ላይ ተቀመጠ፤ ያቺን አዲስ ሽርጡን ይዞ እየተራገመ ሼሁ ዘንድ ሄደ። ይሄ ነገር ኪታብ ላይ አለ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ሼሁም የለም አሉት። አባቴ ደስ ሊለው ሲል፣ ሴትዮዋ ግን እንድትመለስላት ነው እንዲህ የምትሆነው፣ አንተ ለዚህ ነው የምትከሳት ብለው መለሱት። አባቴ አንድ ሳምንት የሚቀመጥበትን በእጁ እየዳሰሰ ከረመ። ከዚያ ስለ ዶሮዎቹ እንደገና ጀመረ።

እናቴም ብትሆን ነገሩ ሰልችቷት ነበር። አንድ ቀን ነጠላዋን አሳምራ ለብሳ፣ ጉድጓዱን ወደሚመራው ካቦ ሄደች። እኔም አብሬያት ነበርኩ። ካቦው የሩቅ አገር ሰው ነው፤ ትልቅ ሆድና ለስላሳ ድምፅ ነበረው። እናቴ ባሏንና ሁለቱን ልጆቿን ባንድ ፈረቃ እንዲያደርግላት ለመነችው። ለምን ሲላት ቤቴን እንድጠርግ አለችው። ሰውየው እስኪያስለው ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ግን ፊቱ ተለወጠ፤ አባትና ልጅን፣ ወንድምና ወንድምን ባንድ ፈረቃ እንዳያስገባ እንደታዘዘ ነገራት። ምክንያቱን ስትጠይቀው መሬት መሬቱን እያየ፣ አንድ ቤት ባንድ ቀን እንዳይጠፋ ነው አላት። እናቴ አላህ ይስጥልኝ ብላ ወጣች። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ቆሻሻው ስታማርር አልሰማኋትም።

ከድጃ የመጣችው ወደዚህ ቤት ነው። አባቷ ከሚሴ ላይ ጨርቅ ሻጭ ነበሩ። ሰይድ ደሞዝ በተቀበለ ቁጥር ከእሳቸው ሱቅ አንዳንድ ሻሽ እየገዛ ይመጣል፤ አንዱን ለእናቴ፣ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለአዳዳ ረውዳ። አዳዳ የምንላት የአባቴ እህት ናት፤ አጥራችን አንድ ነው፣ የማታየው ነገር የለም። በስንተኛው ሻሽ ላይ እንደሆነ እንጃ፣ "ይሄ ልጅ ጨርቅ አይደለም የሚገዛው" ያለችው እሷ ናት። ሽማግሌ ተላከ። የከድጃ አባት ልጄን ለፍልፈል አልድርም ብለው መለሱ። ሽማግሌው ተመላለሰ። በመጨረሻ የቀየራቸው የእኛ ሽማግሌ ሳይሆን ልጅቷ ራሷ ናት፤ እህል አልበላም ብላ ተኛች። አባት ሰጡ፣ እናት ግን አልረኩም። ሰርጉ ላይ ድቤው ሲመታ እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ያለቅሱ ነበር። ልጄን ወደ ጥቀርሻ ሰደድኳት እያሉ ለሰው ሁሉ ያወሩ እንደነበር በኋላ ሰማን። ልጃቸው ካገባች በኋላ አንድም ቀን ደጃችንን ረግጠው አያውቁም።

ከድጃ ስምንተኛ ክፍል የደረሰች፣ ቢጫ ቀሚሷ ላይ ጠብታ ነገር የማትወድ ልጅ ነበረች። የመጀመሪያ ቀን ጠዋት ተነስታ መጥረጊያ ስትፈልግ እናቴ በቀስታ ተቀበለቻትና ነገሩን አስረዳቻት። ልጅቷ የምትቀልድባት መስሏት ሳቀች። እንዳልሆነ ሲገባት ዓይኗ እንባ ሞላ። ግን አልታዘዝም አላለችም። ብልሃት ፈለገች እንጂ፤ በእርጥብ ጨርቅ ልወልውል ወይ ብላ ጠየቀች። አዳዳ ረውዳ ተጠራች፤ የጎረቤት አሮጊቶች ተጠሩ። የአፈር ወለል በእርጥብ ጨርቅ ሲወለወል ጭቃ ስለሚሆን ጭቃ ማቡካት እንጂ መጥረግ አይደለም ተባለና ተፈቀደላት። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሁልጊዜ ይርሳል፣ አባቴም በየቀኑ ያንሸራትተዋል። ከድጃ ታለቅሳለች፣ እናቴ ቢጫ ቀሚሷን ምንጭ ወርዳ እያጠበች ታባብላታለች። እንዲህ እየተሳሳቁና እየተላቀሱ ከድጃ ፀነሰች።

አንድ ቀን እናቴና እኔ ልብስ ልናጥብ ምንጭ ወርደን ነበር። አባቴ ከጉድጓድ ወጥቶ ሰይድ ገብቷል። በዚህ መሃል ከከሚሴ የመጣ ሰው ለከድጃ መልእክት ያደርስላታል፤ እናትሽ መንገድ ላይ ናቸው፣ ማርገዝሽን ሰምተው ሊያዩሽ እየመጡ ነው፣ ለአሱር ይደርሳሉ ይላታል። ልጅቷ ዙሪያዋን አየች። የሳምንት ገለባ፣ የዶሮ ላባ፣ የከሰል ዱቄት። ያ ሁሉ የተለቀሰበት ጥቀርሻ ይሄ ነው ሊባል ነው። መጥረጊያውን ከተሰቀለበት አወረደች።

እርጥቡን ልብስ ተሸክመን ስንመለስ ቤቱ ተጠርጎ አገኘነው። ከድጃ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ቀሚሷን ቀይራለች፣ መጥረጊያው ገና ከእጇ አልወጣም። እናቴ ወለሉን አየች፣ ልጅቷን አየች። የምትለው ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አፏን ስትከፍት የጉድጓዱ ደወል ተመታ። ደወሉ የተሰቀለ የሐዲድ ብረት ነው፤ ለፈረቃ ሲሆን ተመትቶ ያቆማል። ያን ቀን አላቆመም።

ስንደርስ አባቴና ሌሎቹ ወንዶች ዶማና አካፋ ይዘው ገብተው ነበር። ጣሪያው ተንዶ ሦስት ሰው ተቀብሮ ነበር፤ አንዱ ሰይድ ነው። ሴቶች ወደ ጉድጓዱ አፍ አይቀርቡም፤ ከታች ካለው ሜዳ ላይ ተቀምጠን ዱአ ያዝን። እንዲህ እንዳለን ነው አዳዳ ረውዳ የተነሳችው። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ሰይድን በጀርባዋ አዝላ አሳድጋዋለች። ያየችውን ተናገረች። በአጥሩ በኩል ከድጃን መጥረጊያ ይዛ፣ ጥራጊውን ስትደፋ አይታታለች። ሰዉ ሁሉ ዞሮ ልጅቷን አየ። ከሦስቱ የአንዱ እናት ደረቷን እየደቃች፣ ይቺ እዚህ ቆማ እያየችው ጋራው አፉን አይከፍትም፣ አውርዷት አለች። ሌሎቹም ተቀበሏት። ከመንደሩ ትውጣ፣ አሁኑኑ ወደ አገሯ ትውረድ አሉ። ሁለት ሴቶች ክንዷን ይዘው አስነሷት። በዚህ መሃል የከድጃ እናት በበቅሎ ደረሱ፤ ልጃቸው በሰው እጅ ተይዛ ስትጎተት ነው ያገኟት።

እኔ በዚያ የልጅነት ዕድሜዬም ቢሆን ነገሩ ገብቶኝ ነበር። ያን ቀን ከወረደች አትመለስም። ሰይድ ቢወጣ እንኳ መንደሩ አብራው እንድትኖር አይፈቅድም። ባይወጣ ደግሞ ባሏን የጠረገች ተብላ ነው ዕድሜዋን የምትኖረው፤ በሆዷ ያለውም በዚያው ስም ይጠራል። ከድጃ አልተከላከለችም። እሷ ራሷም ያመነች ትመስል ነበር።

እናቴ ተነሳች። ዱአ የያዙት እጆቿ እንደተዘረጉ ነበር።

"ልቀቋት" አለች። "እኔ ነኝ የጠረግኩት።"

አዳዳ ረውዳ ደነገጠች። "ዘሀራ፣ እኔ በዓይኔ አይቻታለሁ" አለቻት።

"ያየሽው ጥራጊውን ስትደፋ ነው። ጠርጌ ምንጭ ስወርድ፣ ድፊው ያልኳት እኔ ነኝ። እንግዳ እንደሚመጣ አውቄ ነበር።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ፋጤ፣ አብረሽኝ አልነበርሽም?"

ነበርኩ አልኩ። ዛሬ ብጠየቅም ያንኑ እላለሁ።

አዳዳ ግን አላመነችም። ለቀናት እህል ከነገለባው እየተረገጠ ዝም የምትል ሴት፣ ልጇን ጉድጓድ አስገብታ ትጥረግ? ማንም አያምንም። ቀረብ ብላ፣ በለሆሳስ ማለት ይቻላል፣ "በይ በአላህ ማይ" አለቻት።

እናቴ ወደ ጉድጓዱ አፍ ቀና ብላ አየች። ሰዉ ይሄን እንዲረዳልኝ እፈልጋለሁ። እናቴ የመጥረጊያውን ነገር ከመንደሩ ሁሉ ይበልጥ የምታምን ሴት ናት። ከእሱም ይበልጥ የምታምነው በመሐላ ነው፤ በአላህ ስም የዋሸ ልጁን ያጣል እያለች ነው ያሳደገችን። ልጇ መሬት ውስጥ ነው፤ በሕይወት ይሁን አይሁን አይታወቅም።

"ወላሂል አዚም" አለች። "እኔ ነኝ።"

ሴቶቹ የከድጃን ክንድ ለቀቁ። የልጁን እናት ከልጁ ጉድጓድ ማን ያባርራል? አዳዳ ረውዳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሄዳ ተቀመጠች። የከድጃ እናት ከበቅሏቸው ወርደው፣ ከእናቴ ጎን አፈር ላይ ቁጭ አሉ።

ፀሐይ ጠልቃ ለመግሪብ አዛን ሲባል ሁለቱ ሰዎች በሕይወት ወጡ። ሰይድ የወጣው በአባቴ ጀርባ ላይ ነው፤ ነፍሱ ቀደም ብላ ወጥታ ነበር። አባቴ ከሰሉን ሳያስታጥብ ፊቱን ደጋግሞ ሳመውና የሱም አፍ ጠቆረ። በማግስቱ ጀናዛው ተሰገደበትና ተቀበረ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ማስታወስ አልወድም። አባቴ ደረቱን ይዞ ተቀመጠ፣ ጉድጓድም አልተመለሰም። መንደሩ እናቴን በፊት ለፊቷ አይናገራትም፤ ግን ሰርግ ሲኖር ሙሽራ ቤት ዕቃ እንድትነካ አይጠሯትም። ከድጃ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። እናቷ ወደ ከሚሴ ልውሰድሽ ቢሏት እምቢ አለች። እህል አትቀምስም፤ ውሃ ስሰጣት ትጠጣለች፣ ሌላውን ትመልሰዋለች። አንድ ቀን ፀጉሯን ላበጥርላት ስቀመጥ፣ "ፋጤ፣ እኔ ነኝ አይደል?" አለችኝ። አይደለሽም ብላት አላመነችኝም። እናቴ ከበሩ ውጭ ቆማ ሰምታለች። ልጅቷ ሲታይ ቀን በቀን እየሟሸሸች ነበር፤ አዋላጇ ሆዷን ዳሰሰችና፣ እናቲቱ መኖር ካልፈለገች ልጁም አይፈልግም ብላ ለእናቴ ነገረቻት።

አሊ ሥራ ሊመለስ ግድ ሆነ፤ ቤቱ ሌላ ገቢ የለውም። ከሌሊቱ ወደ ከሰዓቱ ፈረቃ ተዛውሮ የተመለሰ ዕለት እናቴ እስከ ደጅ ሸኘችው። የፈረቃው ደወል ተመታ። እናቴ ገባችና መጥረጊያውን አወረደች። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ከከድጃ አልጋ ሥር ጀምራ ጠረገች። ደጃፉን ጠረገች፣ ግቢውን ጠረገች። ጎረቤቶች እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ወጡ። አዳዳ ረውዳ አጥሩን ይዛ ዘሀራ አብደሻል ወይ አለቻት። እናቴ መጥረጓን ቀጠለች። ማታ አሊ በደህና ገባ። በማግስቱም ጠረገች፤ እሱም ገባ። ወሩን ሙሉ እንዲሁ ሆነ። ከዚያ አንዲት ወጣት ሚስት በድብቅ ጠረገች ተባለ፤ ቀጥሎ ሌላዋ። ዓመት ሳይሞላ የጋራ ጉራቻ ሴት በፈለገችው ቀን ትጠርግ ጀመር፤ ኢማሙም ማስነጠስ ተዉ። ጋሪዎቹ ቆመው፣ ጉድጓዱ ተዘግቶ፣ ሁላችንም ዕቃችንን ጭነን ወደ ከሚሴ ስንወርድ ያን ሕግ የሚያስታውስ ከአሮጊቶቹ በቀር አልነበረም።

ከድጃ ይሄን ለልጆች ማውራት ትወድ ነበር። ጨርቅ ሱቋ በር ላይ ተቀምጣ፣ ባጃጁ ሁሉ እየጮኸ ሲያልፍ፣ "የፋጤ እናት ከዘመኗ የቀደመች ሴት ነበረች" ትላለች። "ያንን ከንቱ ነገር አንድም ቀን አላመነችበትም፤ ለሰው ብላ ነው የያዘችው። ልጇ በሞተ ሰሞን ያለ ፍርሃት ጠርጋ አሳየቻቸው። እኔን ያዳነኝ ያ ነው። እሷን ባላይ እኔ ነኝ የገደልኩት ብዬ እሞት ነበር።" እንዲህ ስትል እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አዎን እላለሁ። ያንን መሐላዋን አላህ ይቅር እንዲላት እናቴ እስክትሞት ሰኞና ሐሙስ ትጾም ነበር፤ ከድጃ ይሄንንም ከደግነቷ ነው የምትቆጥረው። እኔ ግን ያቺን የመጀመሪያዋን ቀን አይቻለሁ።

እናቴ በሰፊው እየጠረገች ወለሉን ሁለት ጊዜ ትስታለች፤ ከንፈሯ ከዱአ አላረፈም። ከድጃ ፊቷ ወደ ግድግዳ ስለሆነ የምትሰማው ድምፁን ብቻ ነው። እናቴ ጥራጊውን ከቤት ጀርባ ልትደፋ ስትሄድ ተከተልኳት። ደፋችና አጥሩን ተደግፋ ተቀመጠች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"እማ" አልኳት፣ "ከእንግዲህ አታምኝበትም ማለት ነው?"

ሞኝ እንደሚታይ አየችኝ። "ዛሬ ከመቼውም ይልቅ አምናለሁ። አሊ እስኪወጣ ነፍሴ ከእኔ ጋር አይደለችም።"

"ታዲያ ለምን ትጠርጊያለሽ?"

በእጇ ወደ ቤቱ አመለከተችኝ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እዚያ የተኛችው ጆሮዋ መጥረጊያው ላይ ነው። ዛሬ ብተወው፣ አዎ አንቺ ነሽ የገደልሽው ብዬ ነገርኳት ማለት ነው። አንዱን ጋራው ወስዶብኛል። ይቺን በእጄ አልሰጠውም።"

ተነሳችና ነጠላዋን አጥብቃ ታጥቃ፣ የቀረውን ደጅ ልትጠርግ ሄደች። እኔ በጓሮው በር ገባሁ። ከድጃ ዞራ፣ ቁጭ ብላ፣ ወደተከፈተው በር ታይ ነበር። የሚበላ ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።